ጨርቁን ከብረቱ ላይ እንዳትፈቱት

ርዕሰ መምህርታችን ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ ክቡራትና ክቡራን፤ ለአንድ ዘበኛ ይህን ሁሉ ወንበር ስላወጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንበር ሳወጣና ሳስገባ የኖርሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ እንዳልነካ ተከለከልሁ። ማን እንደሚያስገባው አላውቅም። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ።

በምስክር ወረቀቱ ላይ ተማሪ ሰሚራን ከበር እየያዝሁ በመመለሴ ተመስግኛለሁ። ስለዚህች ምስጋና ትንሽ ልናገር።

ደወላችንን ታውቁታላችሁ፤ ባህር ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው የአሮጌ መኪና ቸርኬ። ስመታው ከከተማው ማዶ ጋፋት ድረስ ይሰማል እያልሁ እኩራራ ነበር።

ሰሚራ ስትመጣ ሰባት ዓመቷ ነበር። ብዙም አትናገርም። ደወል በተመታ ቁጥር ጆሮዋን ይዛ ወደ በሩ ትሮጣለች። እኔም የምመታበትን ብረት ጥዬ እከተላታለሁ። በቀን ስድስት ጊዜ መታሁ፣ ስድስት ጊዜ ያዝሁ፣ ስድስት ጊዜ ተመሰገንሁ። ከዚህ የበለጠ የሥራ ፍቅር አለ?

እናቷ ወይዘሮ ዘቢባ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ልጄ ትጠፋብኛለች ብላ ሱቋን ዘግታ፣ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። እኔም ዝም አላልኋትም፤ መከርኋት።

«ጠበል ውሰጃት እንጂ።»

«ወሰድናት ጋሼ ይሻው። ቁርዓንም ተቀርቶባታል።»

«እንግዲያ ቆንጠጥ አድርጊያት።»

«ቆንጥጫታለሁ። ከዚያ ሳለቅስ የዋልሁት እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ሌላ ምክር ይዤ መጣሁ።

አንድ ሐሙስ ቀን «ከሰኞ ጀምሮ አላመጣትም» አለችኝ። «ሰው ምን ይለኛል እያልሁ ከጎረቤት ተቆራርጫለሁ። እንቅልፍ የለኝም። አንዳንዴ እኔው የማብድ ይመስለኛል። ይቅርብን፤ ቤታችን እንቀመጥ።»

ለልዩ ፍላጎት መምህርታችን ለፋሲካ ነገርኋት።

«ጋሼ ይሻው፣ አይቆጡኝ» አለች። «ልጅቷ የምትሸሸው ትምህርቱን አይደለም፤ የአንቱን ደወል ነው።»

«ደግሞ ደወል ማን ይፈራል?»

«ለእሷ ጆሮዋ ውስጥ እንደመምታት ነው። ኦቲዝም ያለባቸው አንዳንድ ልጆች ድምፅ እንዲህ ይጎዳቸዋል። ባለፈው ስልጠና ላይ ተነግሮን ነበር'ኮ።»

በስልጠናው ጊዜ እኔ የት ነበርሁ? በር ላይ። ለሻይ ዕረፍት ደወል ስመታ።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ጸሎቴን አደረስሁና ቁጭ አልሁ። ባለቤቴ ወርቅነሽ ያረፈች ጊዜ ትዝ አለኝ። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኝ ነበር፤ አንዱም ትዝ አይለኝም። ያልረሳሁት አንድ ጎረቤቴን ነው፤ ምንም ሳይናገር አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። ይህን እያወቅሁ ዘቢባን ስንት ወር በምክር ደበደብኋት? ያውም እሷ ድንጋይ ላይ፣ እኔ ወንበር ላይ ሆነን።

በማግስቱ ወንበሬን አወጣሁላት።

«ምን ነካዎት?» አለችኝ።

«ወንበር ላይ መቀመጥ ሰለቸኝ» ብዬ ዋሸሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። ምንም አልመከርሁም፤ ከሥራዬ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ብዙ ቆይታ ራሷ ማውራት ጀመረች።

ደወሉን እንደማለዝብ ነገርኋት፤ እስኪ አንድ ሳምንት እንሞክር አለች። ለብረቱ መጠቅለያ የሚሆን ጨርቅ ያመጣችልኝም እሷው ናት። ከመምታቴ በፊት ወደ ክፍሏ መስኮት ሄጄ ለሰሚራ እጄን አነሣላታለሁ። አንድ ቀን ከክፍል ወጣችና ብረቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ መታችው። ቀስ አድርጋ። አልሮጠችም።

ዛሬም የሚከብዳት ቀን አለ። ዘቢባ ግን ሱቋን ከፍታለች። እሑድ ከሰዓት እንደሷ ያሉ ሦስት እናቶች እዚያ ይገናኛሉ፤ ይሥቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ምክር የያዘ ሰው አይገባም ብለዋል፤ እኔን እያዩ።

በፕሮግራሙ ላይ «አቶ ይሻው የመጨረሻውን ደወል በሙሉ ኃይላቸው ይመታሉ» ይላል። ይቅርታ ወይዘሮ ፈንታነሽ፤ ኃይሌን የጨረስሁት ያኔ በቀን ስድስት ጊዜ ስመታ ነው። ተተኪዬ ጌጡ፣ ከነገ ጀምሮ በሩ ያንተ ነው። ክንድህ ብርቱ ነው፤ የምፈራውም እሱን ነው። ጨርቁ አርጅቷል ብለህ ከብረቱ ላይ እንዳትፈታው።

እግዚአብሔር ወደ ደጃችሁ የሚመጣውን ልጅ ሁሉ የምታዩበት ዓይን ይስጣችሁ። ለእናቶቹ እንቅልፍ፣ ለእናንተ ረጅም ዕድሜ ይስጥ። በቀን ስድስት ጊዜ የተመሰገንሁበትን ደግሞ እኔን ይቅር ይበለኝ።

አሁን እጄን ላንሣላት። ሰሚራ፣ ነይ ምችው የኔ ልጅ። ስትፈልጊ ነው፤ እኛ እንጠብቃለን።