ለታረቀኝ የተባለው ሙሾ

ሞጣ ከተማ፣ ረፋድ ላይ፤ በአልቃሽነቷ ስሟ የተጠራው ወይዘሮ ትሁኔ በረንዳዋ ላይ ምስር እየለቀመች ነው፤ ግንባር ላይ ሞተ ተብሎ ከተለቀሰለት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የዛሬ አምስት ወር ከምርኮ የተመለሰው ጎረቤቷ ታረቀኝ አጠገቧ ተቀምጧል።

ትሁኔ፦ አልልም አልኩህ! ለቆመ ሰው ሙሾ የሚያወርድ አፍ የለኝም።

ታረቀኝ፦ እትዬ ትሁኔ፣ የራሴ እኮ ነው። ሰው የድሮ ፎቶውን ያይ የለም? እኔ ሙሾዬን ልስማ ብል ምን ነውር አለው?

ትሁኔ፦ አንተ ደግሞ ነውር ታውቃለህ? ድምፄ እስኪዘጋ አልቅሼልህ፣ አገር ምድሩን አስለቅሼልህ፣ ሦስት ዓመት ቆይተህ በእግርህ ከች አልክ። አሁን ገበያ ስወጣ «ትሁኔ ያለቀሰችለት ይመለሳል» እያሉ ይስቁብኛል።

ታረቀኝ፦ ብቀር ይሻልዎ ነበር?

ትሁኔ፦ ኧረ ምላሴን ይቁረጠው! ግን ለስሜ ብታስብ ኖሮ አንድ ደብዳቤ ትልክ ነበር።

ታረቀኝ፦ የምርኮኛ ፖስታ ቤት የት አለና?

ትሁኔ፦ እንግዲያው ተወኝ፣ ሥራዬን ልሥራበት። ይኼ ምስር ጠጠሩ ይበዛል።

ታረቀኝ፦ ዛሬ የግድ ነው። ነገ የዘመቻ ጓዴ የፈንቴ ሽማግሌዎች እኛ ቤት ይመጣሉ።

ትሁኔ፦ ሰምቻለሁ። ለስንዱ።

ታረቀኝ፦ አባታችን የለ፤ እሺም እምቢም የምለው እኔ ታላቋ ነኝ። እሺ ነው የምለው፤ ግን አፌን ሞልቼ ልበለው። እርስዎ ሙሾውን ሲያወርዱ ፈንቴ መሬት ላይ ተንከባለለ ይባላል።

ትሁኔ፦ ተንከባሏል። ሸሚዙንም ቀዷል። አራት ወንድ ነው የያዘው።

ታረቀኝ፦ አዩ! እህቴን ከእሱ ሌላ ለማን ልስጣት? ያንን ያንከባለለውን ቃል ነው መስማት የምፈልገው።

ትሁኔ፦ ማልቀሱን ካወቅህ ቃሉ ምን ያደርግልሃል?

ታረቀኝ፦ እሱ ምሽግ ውስጥ የገጠመልኝን እኔ በቃሌ ይዤ እኮ ነው ሦስት ዓመት የኖርኩት። ልበልልዎ?

ትሁኔ፦ በል እስቲ። እናንተ ስትሄዱ ትገጥማላችሁ፣ ስትቀሩ ደግሞ እኛ እንገጥማለን።

ታረቀኝ፦ «አንተን ከሜዳ ላይ ጥዬ ከምመጣ፣
ስሜ ካገር መዝገብ ተፍቆ ይውጣ።»

ትሁኔ፦ ቤት ይመታል።

ታረቀኝ፦ ይኼው ነው?

ትሁኔ፦ ምን ልበልህ ታዲያ? ጥይት ሳይጮህ የተገጠመ ሁሉ ቤት ይመታል።

ታረቀኝ፦ እርስዎ ፈንቴን አይወዱትም።

ትሁኔ፦ እኔ የማልወደው ሙሾ መድገም ነው። እናቴ ለኦጋዴን ዘማቾች አልቅሳ ስትመጣ አፏን ተጉመጥምጣ ትተፋ ነበር። ከዚያ ወዲያ አንዱንም ቃል ከአፏ አታወጣውም።

ታረቀኝ፦ በሞቴ፣ እትዬ።

ትሁኔ፦ በየትኛው ሞትህ? አንደኛውን እኔ ጨርሼዋለሁ።

ታረቀኝ፦ ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ብቻ ሳልሰማ ከዚህ አልነሣም። ምሳም ራትም እዚሁ ነኝ።

ትሁኔ፦ ምን ዓይነት ችኮ ነህ? እሺ፤ ግን በዜማ አይደለም፣ እንደ ወሬ ነው የምነግርህ። አንድ ጊዜ ብቻ። ትሪውን ያዝልኝ።

ታረቀኝ፦ ይዣለሁ።

ትሁኔ፦ «ከቁልቋሉ ሥር ላይ ጥይት ያስቀመጠው፣
እናቱን ሳያያት አፈር የመረጠው፣
ፈንቴ ፈንቴ ብሎ ሦስት ጊዜ ቢጣራ፣
ድምፁ ተከተለው እስከዛ ተራራ።»
በቃ፣ ይኸው ነው። አሁን ትሪዬን አምጣ።

ታረቀኝ፦ ቁልቋሉን ማን ነገርዎ?

ትሁኔ፦ መርዶውን ያመጣው ነዋ። እኔ ሳልጠይቅ አልገጥምም። ጓዳ አስገብቼ የት ተመታ፣ ማን ነበረ፣ ምን አለ ብዬ እመረምራለሁ። ያልሆነ ነገር ገጥሜ ሟች አላስቀይምም።

ታረቀኝ፦ ሦስት ጊዜ መጣራቴንም ፈንቴ ነው የነገረዎት?

ትሁኔ፦ ሌላ ማን ነበረ?

ታረቀኝ፦ ማንም አልነበረም። እኔና እሱ ብቻ ነን። ለእኔ ግን «ትንፍሽ አላልክም» ነው ያለኝ።

ትሁኔ፦ መቼ?

ታረቀኝ፦ የመጣሁ ሰሞን ጠየቅሁት። «ጆሮዬን ደረትህ ላይ አድርጌ ነበር፤ በድን ነበርክ» አለኝ። እኔ ስጠራው ትዝ ይለኛል፤ እንዲያውም ጀርባውን አይቻለሁ። ግን ደም የፈሰሰው ሰው ነኝ፣ ቃዥቼ ይሆናል አልኩ። እትዬ፣ ይቅርታ ጠየቅሁት እኮ! ስለጠረጠርኩህ ማረኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። እሱም አነሣኝ።

ትሁኔ፦ ውይ ልጄን።

ታረቀኝ፦ «ድምፁ ተከተለው» ያሉትስ? ከራስዎ ነው?

ትሁኔ፦ ከራሴ በሆነ! «እየሮጥኩ ድምፁ እስከ ተራራው ተከተለኝ» ነው ያለኝ፣ ያውም እየተንቀጠቀጠ። እኔ ሐዘን ያናወዘው መሰለኝ። የሟች ድምፅ ጆሮ ላይ ሲቀር ስንቱን አይቻለሁ። ለቀስተኛውም እንደዚያው ነው የሰማው።

ታረቀኝ፦ እኔ ከነነፍሴ በዚህ በር ስገባስ?

ትሁኔ፦ ምኑ?

ታረቀኝ፦ ያን ጊዜስ ምን መሰለዎት?

ትሁኔ፦ ያን ጊዜማ ገባኝ።

ታረቀኝ፦ አምስት ወር! አምስት ወር ሙሉ እዚህ ቁጭ ብዬ «ፈንቴ ማለት ወንድም ነው» እያልኩ ሳወራልዎ፣ እርስዎ «እህ» እያሉ ሽንኩርት ይልጣሉ?

ትሁኔ፦ ተቆጣኝ፣ ይገባኛል። ከሞት ተመልሶ የሚስቅን ልጅ ሳቁን ልንጠቀው እንዴ? ፈርቼ ነው። ደግሞም ተለምኛለሁ።

ታረቀኝ፦ ፈንቴ ለመነዎት?

ትሁኔ፦ ፈንቴማ ምን እንደነገረኝም የሚያስታውስ አይመስለኝም። ያን ቀን ራሱንም አያውቅ።

ታረቀኝ፦ ታዲያ ማን?

ትሁኔ፦ ይቅርብህ።

ታረቀኝ፦ እትዬ!

ትሁኔ፦ ሙሾህን እኔን ብቻ ነው የጠየቅኸው?

ታረቀኝ፦ ስንዱንም ጠይቄያታለሁ። ረሳሁት አለችኝ።

ትሁኔ፦ ስንዱ? በሙት ዓመትህ እኔ ጉንፋን ይዞኝ ድምፄ ሲዘጋ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያወረደችው ማን ሆነና?

ታረቀኝ፦ አይሆንም።

ትሁኔ፦ የተመለስህ ዕለት፣ ሰዉ በፊት በር እልል ሲል፣ እሷ በጓሮ መጣች። ጉልበቴን ይዛ «ያንን ሙሾ ሁለተኛ እንዳይሉት፤ ፈንቴን አጣዋለሁ» አለችኝ። ለካ ሐዘንተኛ ሊያጽናና ሲመላለስ ተዋደዋል።

ታረቀኝ፦ ነገሩ ገብቷት ነበር ማለት ነው?

ትሁኔ፦ ከእኔ ቀድሞ ነው የገባት።

ታረቀኝ፦ እልልታው ሳያልቅ?

ትሁኔ፦ አንተን ገና ሳትስምህ።

ታረቀኝ፦ ይኸው ትሪዎ።

ትሁኔ፦ ወዴት ነው? ተቀመጥ! ታረቀኝ፣ እጅህን በነገር እንዳታስገባ፤ ለእናትህ እዘንላት።

ታረቀኝ፦ ምንም አላደርግም። ነገ ሽማግሌዎቹ ፊት ቁጭ ብዬ እሺ እላለሁ፤ ይውሰዳት። ከዚያ ወዲያ ግን እሱም ቢጣራ፣ እሷም ብትጣራ፣ እኔ አልሰማም።