በጋሽ ክንፈሚካኤል ጠረጴዛ ላይ የቀረው ኮምፒውተር

ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። መብራት ሳይሄድብን ልናገርና ልውረድ። ማይክሮፎኑ ይጮሃል፤ ጋሽ ክንፈሚካኤልም ሊፈቱት ዓይናቸውን ተክለውበታል። ጋሼ፣ በመሸኛዎ ቀን እንኳ ይተውት!

ወደ ኮሌጃችን የመጡ ቀን እኔ በሩ ላይ ነበርሁ። ከመናኸሪያው በፈረስ ጋሪ፣ አንድ ሻንጣ ይዘው መጡ። የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን እጃቸውን ዘርግተው “እንኳን ደኅና መጡ!” ቢሉ፣ እንግዳው የተዘረጋላቸውን እጅ አልጨበጡም። ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ እያዩ፣

“ይህን የገጠመው ማን ነው?” አሉ።

“እኔ ነኝ” አሉ ኃላፊው በኩራት።

“እንግዲያው በሕይወት የተገናኘነው በእግዜር ቸርነት ነው።” ሻንጣቸውን ከፍተው ፒንሳ አወጡ። የአቀባበሉን ሻይ በሻማ ጠጣን።

ከዚያ ወዲህ ኤሌክትሮኒክስ ያስተምራሉ፤ ወርክሾፑንም ይዘዋል። ዕቃ ይዞ የሄደ ሁሉ ያውቃቸዋል። “ተበላሸ” ብሎ ነገር የለም። “ምን ሲያደርግ ቆመ? ከመቆሙ በፊት ሸተተ? ማን ነካው?” ንስሐ አባት እንኳ እንዲህ አይመረምርም። እኔ ደግሞ መታገሥ አልችልም፤ “ይቀየርና እንገላገል!” እላለሁ። መልሳቸው አንድ ነው፤ “ጌታዬ፣ ሟቹን ቀብረው ገዳዩን ቤት ሊያሳድሩት ነው?”

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። እሳቸው በጡረታ ሲወጡ ያ ወርክሾፕ የአሮጌ ወንበር መጋዘን ይሁን ተብሎ መወሰኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በየስብሰባው ተከራክሬያለሁ፤ ጮኬያለሁ። ማንም አልሰማኝም።

ይህ ሲብላላ፣ ናጂሃ፣ እዚህ የኮምፒውተር መምህርት ሆና አብራን የምትሠራው፣ የአባቷን ኮምፒውተር ይዛ መጣች። ወጣቶች አታውቁትም፤ ኪቦርዱ ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ይገጠማል፤ ፕሮግራሙን የሚያነበው ከቴፕ ካሴት ነው። አባቷ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ቡሬ ላይ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ እሷ ልጅ ሳለች ከጅዳ ያመጡላት ነው። ካቆመ ብዙ ዘመኑ ነው።

“እናቴ አንድ ጊዜ ሲሠራ ልታየው ትፈልጋለች” አለች።

“ስንት ቀን ይፈጃል?” አልሁ እኔ።

“ገና ሳልከፍተው?” አሉኝ ጋሽ ክንፈሚካኤል።

ትዕግሥቴ አልቆ ገመዱን ልሰካ ስል እጄን ለቀም አደረጉት። “መጀመሪያ አጉራሹን እንጠይቅ!” ኮምፒውተሩን ትተው አዳፕተሩን ለብቻው በቴስተር ለኩት። አምስት ቮልት መስጠት የነበረበት፣ ወደ ስምንት እየሰጠ ኖሯል። “ይኸው ገዳዩ” አሉ። ትክክለኛ ኃይል ሰጥተው፣ ውስጡ ያሉትን ባለብዙ እግር ጥቁር አይሲዎች በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። አንዱ ሲፈጃቸው ሳቁ። ጣቱ ተቃጥሎ የሚስቅ ሰው ሌላ አላየሁም። የተቃጠለው ሜሞሪው ነበር፤ ከሌላ የሞተ ማሽን ላይ ነቅለው ተኩት። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰማያዊ ስክሪን ወጣ። ናጂሃ እልል አለች!

ኪቦርዱ ግን አልታዘዝ አለ። በአልኮል መጠረግ ነበረበት፤ መንገዱ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ ከፋርማሲ አልኮል ጠፋ። የሒሳቡ መምህር መልካሙ “እኔ አለሁ!” ብሎ አረቄ አመጣ። መልካሙ፣ አትሸሸግ! ጋሼ አሽትተው፣ “ለእኔ ነው ወይስ ለኪቦርዱ?” ቢሉት፣ “ለሁለታችሁም” አለ። እንዲጣፍጥ ማር የገባበት መሆኑን ግን አልተናገረም። በማግስቱ ኪቦርዱን ጉንዳን ወሮት አገኘነው። እንደገና ተፈቶ ታጠበ።

የቀረው ካሴቱን ማንበብ ብቻ ነበር፤ እሱም አልሆን አለ። ጋሽ ክንፈሚካኤል ጥቂት ለካኩና “አወቅሁት” ብለው መበየጃውን አስቀመጡ። አልጠገኑትም። ምን እንደሆነም አልተናገሩም። ለመንሁ፣ ጠየቅሁ፣ ተቆጣሁ። “ብልሽቱን ናጂሃ ትፈልገዋለች” አሉ ብቻ። ሥራ አጋምሰው ሲተዉ አይቼ ስለማላውቅ፣ ደከሙ አልሁ በልቤ።

ሰኞ ዕለት የንብረት ክፍሉ አቶ ደረሰ ቁልፍ ሊረከቡ መጡ። ጠረጴዛውን አዩ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“የደንበኛችን የናጂሃ ዕቃ ነው። ጥገናው አላለቀም።”

“የግለሰብ ዕቃ ያለበትን ክፍልማ አልረከብም! ቢጠፋ ማን ሊጠየቅ ነው? ጨርሳችሁ አስወጡ።”

“እኔ እኮ ጡረታ ወጣሁ፤ ምን ይሻላል?” አሉ ጋሼ፣ አንገታቸውን እንደ ዲያቆን ደፍተው።

“ያመጣችው ትጨርሰዋ!” ብለው አቶ ደረሰ ቁልፉን ለናጂሃ ሰጥተው ሄዱ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሼ፣ አሁን ጣራ ጣራውን አይዩ!

እኔ በጩኸት ያላዳንሁትን ክፍል እርስዎ ሆን ብለው በተዉት አንድ ብልሽት አቆዩት። ይህ ብቻ አይደለም። በቁጣዬ ብዙ ነገር ሰክቼ ላቃጥል ስል እጄን ይዘውኛል፤ ማሽንም፣ ሰውም ላይ። ቡሬና ዱርቤቴ ሱቅ የከፈቱ ተማሪዎችዎ ዛሬም ዕቃ ሳይለኩ አይከፍቱም። አመሰግንዎታለሁ።

ናጂሃ፣ ብልሽቱን ፈልጊ፤ እናትሽ ሲሠራ ይዩት። ግን ያ ኮምፒውተር ከበሩ ሳይወጣ ሌላ የተበላሸ ዕቃ ይግባ! እናንተም ቤታችሁ የቆመ ራዲዮ፣ የተቃጠለ ምጣድ ካለ ነገውኑ አምጡ። ያ ጠረጴዛ አንድ ቀን እንኳ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ።

ብርጭቋችሁን አንሡ። ጋሽ ክንፈሚካኤል፣ ዓይንዎ አይፍዘዝ፣ እጅዎ አይንቀጥቀጥ፣ የልጅ ልጅ አቅፈው ይሳሙ። ቤት መቀመጥ ሲሰለችዎ በሩን አያንኳኩ፤ ዝም ብለው ይግቡ። ለጤናዎ!