የእንቁላሉ ትምህርት

(ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ በአንድ የወሎ ደብር ሥር ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ውብዓለም የሃይማኖት አስተማሪውን፣ የንስሐ አባቷንም፣ መምሬ ይርዳውን ቢሮዋ ጠርታ ወረቀት አስይዛቸዋለች።)

መምሬ ይርዳው፦ አልፈርምም አልኩ፣ አልፈርምም!

ውብዓለም፦ ኧረ ቀስ ይበሉ አባ። ሦስት መስመር ናት።

መምሬ ይርዳው፦ ሦስት መስመር! «በራሴ ፈቃድ፣ ማንንም ሳላማክር፣ የሁለተኛ ክፍል ልጆችን በጾም እንቁላል አስበላሁ» ነው የሚለው። እኔ ነኝ ያስበላሁ?

ውብዓለም፦ ታዲያ ማን ነው? «ነገ አንዳንድ የተቀቀለ እንቁላል ይዛችሁ ኑ» ብሎ ለልጆቹ የነገራቸው ማን ነው?

መምሬ ይርዳው፦ አንቺ «ይንገሯቸው» ስላልሽኝ ነዋ!

ውብዓለም፦ እርስዎን አርባ ሦስት ልጅ ሰምቶዎታል። እኔን ግን የሰማኝ የለም።

መምሬ ይርዳው፦ እኔ ሰምቼሻለሁ! እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጬ። «ልጄ፣ ይሄ ከኢንተርኔት ያወጣሽው የፈረንጆቹ የፋሲካ ትምህርት ነው፤ የእነሱ ቢደርስ የእኛ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል፤ እንቁላሉን ተይው» አላልኩሽም?

ውብዓለም፦ ብለው ይሆናል። እኔም «ለማቅለሚያ ነው እንጂ ማን ብሉ አለ» ብዬዎታለሁ።

መምሬ ይርዳው፦ «ከገጹ ላይ አንዲት ነገር እንዳትጎድል፣ ሀገረ ስብከቱ ሊያየው ነው» ያልሽውስ?

ውብዓለም፦ ታዲያ አባ፣ እዚያ ገጽ ላይ ለአንደኛ ደረጃ ልጅ ስንት ነገር እንዳለ ቢያዩ! ሥዕሉ፣ ጨዋታው፣ ጥያቄው፣ ሁሉ ተዘጋጅቶ። መክፈት ብቻ ነው። ልጆቹ እስከ መቼ እርስዎን ተከትለው እየጮሁ ይማራሉ?

መምሬ ይርዳው፦ አንቺም እየጮኽሽ ነው የተማርሽው።

ውብዓለም፦ ተውት እንግዲህ። እንግሊዝኛው ስላልገባዎት ነው የከፋዎት።

መምሬ ይርዳው፦ እንግሊዝኛው ባይገባኝ እንቁላሉ ገብቶኛል! እሮብ ዕለት ልጆቹ ቀለም ቀቡ፤ እሺ። የፍትሐት ደወል ተደወለና ወጣሁ። የትምህርቱን ፊልም የሚያሳየው ቴሌቪዥን እንደተከፈተ ነው። የፈረንጆቹ ልጆች ልጠው ሲበሉ የእኛዎቹም ልጠው በሉ። ዘንድሮ መጾም የጀመሩ ልጆች እኮ ናቸው፣ «እስከ ስድስት ሰዓት ጾምኩ» እያሉ የሚኩራሩ! አንዷ መጥታ «መምሬ፣ ቀይ ከሆነም ያስገድፋል?» ስትለኝ ምን ልበላት?

ውብዓለም፦ ውይ በሞትኩት! ቀይ ከሆነም አለች?

መምሬ ይርዳው፦ ትስቂያለሽ?

ውብዓለም፦ ላልቅስ እንዴ? ነገ ሰበካ ጉባኤው ይሰበሰባል፤ ወላጆቹም ይመጣሉ። ሁሉም የሚፈልጉት አንድ ጥፋተኛ ነው። ያ ሰው እኔ አልሆንም።

መምሬ ይርዳው፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! ጉባኤውን ፈርተሽ እኔን ትወቂኛለሽ?

ውብዓለም፦ እኔ ገና አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ብዙ ሥራ ይቀረኛል። እርስዎ ስንት ዓመት ቀረዎት?

መምሬ ይርዳው፦ ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ! ሠላሳ አንድ ዓመት ነው እዚህ ያስተማርኩት። በስተርጅናዬ «ሕፃን ያስገደፈ ቄስ» ልባል? ክህነቴን ቢይዙብኝስ?

ውብዓለም፦ ቢይዙብዎት ቤትዎ ቁጭ ብለው ይጸልያሉ። ለጸሎት ደግሞ የክህነት ደብዳቤ አያስፈልግም።

መምሬ ይርዳው፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ውብዓለም፦ እስኪጠራ ማን ይጠብቅዎታል? ስብሰባው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው።

መምሬ ይርዳው፦ እንግዲያው ሦስት ሰዓት ላይ ቆሜ እናገራለሁ። አንዲት ሳላስቀር!

ውብዓለም፦ እኔም እናገራለሁ። «መምሬ አርጅተዋል፤ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ፤ የልጆቹ ስም እንኳ ይጠፋቸዋል» እላለሁ።

መምሬ ይርዳው፦ በያ! ከእኔና ካንቺ ማንን እንደሚያምኑ አታውቂም? የደብሩ አለቃ እንኳ መዝሙረ ዳዊት የተማሩት እኔ ዘንድ ነው። የጉባኤውን ግማሽ ያጠመቅሁት እኔ ነኝ። ይርዳው ዋሸ የሚል አንድ ሰው ከተገኘ ክህነቴን በገዛ እጄ አስረክባለሁ።

ውብዓለም፦ እውነትዎን ነው። እርስዎን ነው የሚያምኑት።

መምሬ ይርዳው፦ በይ ደህና ዋይ። ወረቀትሽም ይኸው።

ውብዓለም፦ ቆይ አባቴ! ይቀመጡልኝ። በሩን ልዝጋው።

መምሬ ይርዳው፦ ደግሞ ምን ልትዪ ነው?

ውብዓለም፦ ከበደኝ አባ። ከእሮብ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። መስቀልዎን ያውጡልኝ፣ ንስሐ ልግባ።

መምሬ ይርዳው፦ እዚህ? ቢሮ ውስጥ?

ውብዓለም፦ እስከ ነገ ለመክረሜ ምን ዋስትና አለኝ? «ንስሐ ቀጠሮ የለውም» የሚሉን እርስዎ አይደሉ?

መምሬ ይርዳው፦ እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እኔስ ልቧ ደነደነ ብዬ ፈርቼልሽ ነበር። ተንበርከኪ። በይ ንገሪኝ፣ አትፈሪ።

ውብዓለም፦ ትምህርቱን ከኢንተርኔት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሥዕሉ አምሮኝ፣ በቅጡ እንኳ ሳላነበው። እርስዎ ተዪው ሲሉኝ «ካላስተማሩ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» ብዬ ያስፈራራሁዎት እኔ ነኝ። እንቁላሉን ያስመጣሁትም እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ በሐሰት ጽፌ ጥፋቴን ልጭንብዎት ነበር።

መምሬ ይርዳው፦ የተረፈ አለ?

ውብዓለም፦ የለም አባ። ይኸው ነው።

መምሬ ይርዳው፦ እግዚአብሔር መሐሪ ነው። ቀኖናሽ እስከ ሆሳዕና በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት። የእኔን ተይው፣ ከልቤ ይቅር ብዬሻለሁ። ነገ አብረን እንገባለን። አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ፤ እኔ ከጎንሽ ቆሜ «ሰው ናት ተሳስታለች፣ ማሯት» እላቸዋለሁ። ማንም አይነካሽም።

ውብዓለም፦ ይፍቱኝ አባቴ።

መምሬ ይርዳው፦ እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። አይዞሽ፣ ተነሺ።

ውብዓለም፦ አሜን። እስክሪብቶው ይኸው።

መምሬ ይርዳው፦ የምን እስክሪብቶ?

ውብዓለም፦ የፊርማው ነዋ። ነገ ጉባኤ ፊት ሊናገሩ ያሰቡትን ሁሉ አሁን በንስሐ ነግሬዎታለሁ።

መምሬ ይርዳው፦ ምን? ይህን እኮ ሳትነግሪኝም አውቀው ነበር!

ውብዓለም፦ ያኔ መናገር ነበረብዎት። ከእንግዲህ አንዲት ቃል ቢወጣዎት «የንስሐ ልጃቸውን ምስጢር አደባባይ አወጡ» ብዬ እጮሃለሁ። ሕፃን ያስገደፈ ቄስ ምናልባት ይማር ይሆናል፤ የንስሐ ምስጢር ያወጣ ግን ማን ይምረዋል? እዚህ ጋ ይፈርሙ አባቴ፤ ስምዎን ከነማዕረግዎ።