የተዋጠ ሚስማር ወዴት ይሄዳል?

ጫማ ሰፊው ሦስት ቀን ሙሉ አላጎነበሱም። ሌሊቱንም ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ነው ያነጉት፤ ከውሃ በቀር የቀመሱት ነገር የለም። ሰኞ ዕለት እንደ ልማዳቸው ሚስማር በአፋቸው ይዘው ሲሠሩ፣ ለአንድ መንገደኛ ሰላምታ እመልሳለሁ ሲሉ አንዱ ወርዶባቸው ነበርና። ለባለቤታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም።

ሐሙስ ጧት የጎረቤታቸው ልጅ፣ የጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ፣ እያነከሰች መጣች።

«ጋሼ፣ ተረከዜ ወለቀብኝ። ሥራ ረፍዶብኛል፣ ቶሎ ይምቱልኝ።»

«አልችልም ልጄ፤ ማጎንበስ ተከልክያለሁ።»

«ማን ከለከለዎት?»

«ሚስማሩ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። የደረቀ ከንፈራቸውን ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ።

«ዋጡት እንዴ?»

«ቀስ በይ፣ እትዬሽ እንዳትሰማ! ካጎነበስኩ በደም ስር ሄዶ ልቤ ላይ ይሰካል። አሁን ዘይት ጠጥቼ፣ ጣቴን ጉሮሮዬ ከትቼ ላስወጣው ነው።»

«እንዳያደርጉት! ሳይወጋ የወረደ ሲመለስ ሊወጋ ይችላል። ደግሞስ ከልብ ጋር ምን አገናኘው?»

«ልብ ታዲያ የት ነው ያለው፣ ጎረቤት ቤት?»

ከመደርደሪያው አንድ ጫማ አነሣች። «እግር ጫማ ውስጥ ሲገባ፣ በቆዳውና በገበሩ መሃል ነው የሚገባው?»

«ኧረ! ከገበሩ ወዲህ ነው እንጂ።»

«የሚዋጥም እንደዚሁ ነው። ከአፍ እስከ መውጫው አንድ ረጅም ቱቦ አለ፤ ደም በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ቱቦው እየተኮማተረ የያዘውን ወደ ታች ይገፋል። ቢያጎነብሱም ቢተኙም ሥራውን አያቆምም። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ በራሱ ይወጣል።»

ጫማ ሰፊው ገበሩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። አርባ ዓመት ሚስማር የመቱ ሰው ናቸው።

«ሚስማር ግን ገበር ይበሳል» አሉ ቀስ ብለው።

ጫማውን መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

«ሊበሳ ይችላል፤ አልዋሽዎትም። ለዚህ ነው አሁኑኑ ራጅ የሚነሡት።»

«ካዩት ሆዴን ይቀዱታላ!»

«የት እንዳለ ሳያውቁ በፍርሃት ከሚያልቁስ?»

እሳቸውም ሳያጎነብሱ ተነሡ። እሷ በአንድ ተረከዝ እያነከሰች፣ እሳቸው እንደ ሻማ ቀጥ ብለው፣ ጤና ጣቢያ ደረሱ።

የራጅ ባለሙያው «ይተኙ» አላቸው። አልጋው ይቀዘቅዛል። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አሁን ወጋኝ አሁን ወጋኝ እያሉ፣ ጀርባቸውን ቀስ አድርገው አሳረፉ። የወጋቸው ነገር አልነበረም። ባለሙያው «ጨርሰናል፣ አባባ» ቢላቸው መልስ አጣ፤ እያንኮራፉ ነበር።

ሚስማሩ ከጨጓራ አልፎ አንጀት ውስጥ ደርሷል። ሐኪሙ እህል እንዲቀምሱ፣ ቁርጠት፣ ትኩሳት ወይም ትውከት ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመለሱ ነግሮ ሸኛቸው። ከሁለት ቀን በኋላ በተነሡት ራጅ አንጀታቸው ንጹሕ ሆኖ ታየ።

ዛሬ የሥራ ሚስማሮቻቸው በአፋቸው ሳይሆን ማግኔት ላይ ተለጥፈው ይቀመጣሉ። ሥራቸው ከቀድሞው አልዘገየም፤ ልባቸው ግን አርፏል። ለሙያ ጓደኞቻቸውም «አፍ የሚስማር ዕቃ አይደለም። የዋጠ ካለም ዕለቱን ይታይ፤ እንደ እኔ ሦስት ቀን አይቀመጥ» ይላሉ።

ባለቤታቸው ነገሩን የሰሙ ቀን ግን እንዲህ አሏቸው፦ «ሚስማሩስ ወጣ። እኔ አጠገብህ ተኝቼ ብቻህን መፍራትህ ነው የሚቆጨኝ።»