የሁለተኛው ዓመት አበባ

አንቺ፣ ሙቀቱን አየሽው ዛሬ? ላዩ ላይ ደግሞ የካውያሽ ወበቅ... እሰይ፣ መስኮቱን ክፈችው። ኧረ ቆይ፣ እዚያ በሩ ጥግ ተቀምጠው መጽሔት የሚያነቡትን እትዬን ነፋስ እንዳይመታቸው። እንዴት ያሉ አንባቢ ናቸው እባክሽ! ከገባሁ ጀምሮ አንድ ገጽ እንኳ አልገለጡም። ሰው ሲያነብ እንዲህ ረግቶ ነው እንጂ!

በይ ሜትርሽን አምጪና ወገቤን ለኪኝ። ምን ያስቅሻል? አልደርስ አለ እንዴ? ገመድ ቀጥዪበት! እኔ የሚሰፋልኝ ልብስ ነው ያልኩሽ እንጂ የሚያጠብልኝ መች ፈለግሁ።

ይሄ ሰማያዊው ጨርቅ ለሰርጉ ነው። የሙሽራ እናት የምትለብሰው ዓይነት ነው አሉ። እናት ስልሽ... ሙሽራዋ ጎን የምትቀመጠዋን ማለቴ ነው። ወላጅ እናቷማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በልጅነቷ ነው ጥላት የሄደችው። ወንበሩ ደግሞ አንድ ነው። እና አንቺ ጋ ብቅ ስል ምን አየሁ? እትዬም ጉልበታቸው ላይ ያንኑ ሰማያዊ! ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ እኮ ነው የሚመስለው። ልብ ለልብ የተገናኘ ሰው ሳይነጋገር ይስማማል ማለት ይሄ ነው።

ተይው የጨርቁን ነገር። አበባ ትወጃለሽ?

እኔ ደጅ የነበረውን ረጅሙን አበባ ሳታይው አትቀሪም። ሰፈራችን «ዘበኛው» ይለዋል፤ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ከሰው በላይ ቁመት፣ ቀጥ ብሎ ነዋ የሚቆመው። ከወገቡ ጀምሮ እስከ ጫፉ እንደ ስኒ አፉን የከፈተ አበባ ብቻ። ሮዝ አለው፣ ነጭ አለው፣ አንዱማ ጥቁር ለመባል ትንሽ የቀረው ቀይ ነው። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ «ወይ መታደል!» ይል ነበር። መታደልስ መታደል ነው... የመጀመሪያውን ዓመት ግን ማን አየልኝ?

የመጀመሪያው ዓመት አበባ የለውም እኮ፣ እህቴ። ቅጠል ብቻ! መሬት ላይ የተለጠፈ፣ ሻካራ፣ ጎመን ነው እንዳትይው የማይበላ። ታጠጪዋለሽ፣ ዙሪያውን ታርሚያለሽ፣ የታችኛው ቅጠሉ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ሲያወጣ ጎንበስ ብለሽ እየለቀምሽ ትጥያለሽ። ከዚያስ? ከዚያማ ሌላ ቅጠል።

አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ስሟን አልጠራም፣ ምን ቆርጦኝ! ደግሞ እዚህ ያለች እንዳይመስልሽ፤ እዚህ ያለነው ጨዋ ጨዋዎቹ ብቻ ነን። ያኔ በመጀመሪያው ዓመት «ነይ ከችግኙ ላካፍልሽ፣ ገና ጨቅላ ስለሆነ ቢነሳም አይጎዳም» ብያት ነበር። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ደጄ ጠባብ ነው፤ ቅጠል አላሳድግም።» አይፈረድባትም! እውነቷን ነው። ባሏን አግብታ የገባች ሰሞንም ቤቱ እንዲሁ ጠቧት ነበር። ለባሏ እናት አልባ ልጅ ፍራሽ የሚዘረጋበት ማዕዘን ጠፍቶ፣ ልጅቱ አፍንጫዋን እያዝረበረበች፣ ልብሷን በፌስታል አንጠልጥላ እኔ ቤት ከተፍ። ምን ታድርግ? «ቤት ለእንግዳ» ሲባል ነው የሰማችው፤ «ቤት ለልጅ» የሚል አንቺስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ውይ... ስለ አበባው አልነበር የማወራሽ! አፌ ዱሮም ልጓም የለው።

እና ሁለተኛው ዓመት መጣልሽ። ዘበኛው ብድግ አለ! የሴትየዋ ደጅም በዚያው ሰሞን ሰፋ። ግድግዳ ሳይፈርስ፣ አጥር ሳይገፋ፣ እንዲያው በቸርነቱ ሰፋ። አንድ ቀን የታመመ ልጠይቅ ሐኪም ቤት ሄጄ ስመለስ ግድግዳዬ እርቃኑን ቀርቷል። አካፋ ይዛ መጥታ፣ ያበበውን እንዳበበ ነቅላ ይዛው ሄዳ! የሙሽራው ወላጆች ቤቷን ሊያዩ ይመጡ ነበርና ደጇ እንዲያምር ነዋ። ሰረቀች እንዳልልሽ፤ ቤተሰብ ይሰርቃል እንዴ? ቤተሰብ ይዋሳል።

እንግዶቹንም «ከፍሬው ጀምሮ በእጄ ያሳደግሁት ነው» አለቻቸው። ላም ባልዋለበት ኩበት አይለቀምም የሚል ካለ ይምጣና ይያት፤ ቅርጫቷ ሞልቶ ይፈሳል! የሙሽራው እናት ለካ አበባ የሚወዱ ሴት ናቸው፤ «እንዴት ያለ እጅ ነው! በስንት ጊዜ አበበልሽ?» ቢሏት... «በወሩ» አለች። በወሩ! እኔ ከቅጠል ጋር ዓመት ሙሉ አጎንብሼ ስከርም፣ ለካስ ሙያ ያለው ሰው በወሩ ይገላገላል። የሙሽራው እናት ዞር ብለው ባላቸውን አዩ አሉ። በአድናቆት ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ አላወቀችም፤ ከየትስ ታውቀው? ይሄ አበባ ሥሩ እንደ ካሮት ቁልቁል ነው የሚወርደው። ካደገ በኋላ ብትነቅይው ግማሹ ሥር እዚያው አሳዳጊው ጋ ይቀራል። እንግዶቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ዘበኛው አንገቱን ደፋ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? ይሄ ማደርም አላስፈለገው! እሷ ግን ፈጣን ናት፤ «ዓይን በልቶት ነው» አለች። የማንን ዓይን መሰለሽ? የእንግዶቹን እኮ ነው! አቤት ጨዋታ አዋቂነት... የሙሽራው አባት ባርኔጣቸውን ፈልገው ተነሱ።

እኔ ልቆጣ? ምን ሲደረግ! ግድግዳዬ ሥር የቀረው ሥር ይኸው አቆጥቁጧል።

እሺ፣ እጄን ላንሳልሽ? ለኪ፣ ለኪ።

ሰርጉማ ደረሰ። ያቺ ፌስታል ያንጠለጠለች ልጅ ዛሬ ነርስ ናት፤ ነጭ ለብሳ ስትሄድ ብታያት ዓይንሽን አትነቅይም። «ልጄ» የሚላትም በዝቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አይደል? መሄድ ከጀመረ በኋላማ እጁን ይዞ ፎቶ የሚነሳ መች ይጠፋል! እሷ ደግሞ የዋህ ናት፣ ሰው ማስቀየም አትችልም፤ «ወንበሩን እናንተው ተስማሙበት» ብላ ተወችን።

አልዋሽሽም፣ ወንበሩን ፈልጌው ነበር። በጣም ነው የፈለግሁት። ግን ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? ኩፍኝ ይዟት እሳት ስትሆን አልጋዋ ጎን አንድ ወንበር ነበረ፤ እግሩ የተሰበረ፣ ጡብ የተደገፈለት። እዚያ ላይ ስቀመጥ ማንም «ተነሽልኝ፣ ቦታዬ ነው» ብሎ አልተጋፋኝም። ታዲያ አሁን በደህና ቀን፣ በሰው ፊት፣ ለወንበር ልጋፋ? ልጄን ላሳቅቅ?

ስለዚህ እንዲህ አድርጊልኝ። የኔን ሰማያዊ ጠቅልለሽ መልሽልኝ፤ የእትዬን ቅደጂና ስፊላቸው። ለኔ ያንን እዚያ የተሰቀለውን ቀዩን፣ አበባ አበባ ያለበትን ስፊልኝ፤ እጅጌው ይስፋ፣ ክንዴ ወደ ላይ ሲነሳ እንዳይዘኝ። እጨፍራለኋ! ወንበር ላይ ያለ ሰው እኮ ከማጨብጨብ በቀር ምን ያደርጋል?

የእትዬን ደግሞ ተጠንቅቀሽ ለኪ። የእናት ልብስ ትከሻው ላይ አስቸጋሪ ነው፤ ልጅ ያዘለ ትከሻ ይጎብጣላ። የሳቸው ግን ተመልከቺ... ቀጥ ያለ፣ አንድም ነገር ያላጎበጠው! ታድለው። ለሰፊ እንዴት ደስ የሚል ትከሻ ነው! ምነው ፊታቸው ቀላ? ውሃ ስጪያቸው እንጂ፣ ሙቀቱ እኮ ነው።

በይ ልሂድ። ሰው የነካሁ እንዳይመስልሽ፤ እኔ ቂም አላውቅም። ያቺን ያልኩሽን ሴት እንኳ፣ የትም ትሁን የት፣ መርቄያት ነው የምወጣው። እግዜር ዕድሜ ይስጣት። ወንበሩ ይመቻት። ስታረጅም፣ ጉልበቷ ሲከዳት፣ ዓይኗ ሲደክም፣ ሰው ሰው ስትል... ያቺው ልጅ፣ ምንም ሳታጎድል፣ ልክ እሷ እንዳሳደገቻት አድርጋ ትጡራት!

አሜን በዪ እንጂ፣ እህቴ። እትዬ፣ እርስዎም አሜን ይበሉ።