የእትዬ ዙለይሃ ዚክርና የጋሼ ሀሚዱ ዓይን

ከውጫሌ እስከ ሐይቅ ከተማ ባለው መንገድ የእኔን ያህል የተሳፈረ ሰው የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር የተመላለስኩት ቢቀጣጠል ጨረቃ ደርሶ ይመለሳል፤ ሁለት ጊዜ። ሒሳብ የሚያስተምረው ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ በርቀት ጉዳይ ከእኔ ጋር የሚከራከር ገና አልተወለደም።

ጦርነቱ ካለፈ ሁለት ዓመት ግድም ነው። በገበያ ቀን ውጫሌ መናኸሪያ ስደርስ የመጨረሻው አውቶቡስ አምልጦኛል። ቆሜ ሳጉረመርም፣ «መምህር እንድሪስ፣ ና ግባ፤ ጋቢና አለልህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ሀሚዱ ነበሩ።

ጋሼ ሀሚዱ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት፣ የሚኒባስ ሾፌር፣ የእኔም ጎረቤት ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ በሌሊት የመኪናቸውን መብራት አጥፍተው ሴቶችና ሕፃናትን ከውጫሌ ያወጡ ሰው ናቸው። የጫኑት አሥራ ስምንት ሰው ነበር። እኔ ሳወራው አርባ ሆነ፤ ዘንድሮ መቶ ሃያ ገብቷል። «ጋሼ ሀሚዱ ዓይናቸውን ጨፍነውም ይነዳሉ» የሚለውን የጨመርኩትም እኔ ነኝ።

ከአጠገባቸው ባለቤታቸው እትዬ ዙለይሃ ተቀምጠዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ጋቢና አልወረዱም። አገሩ ሁሉ ፍቅር ነው ይላል፤ እኔም በየሰርጉ ለሙሽሮች ምሳሌ አድርጌ ተናግሬበታለሁ። ከኋላችን ለዕረፍት የመጣችው ልጃቸው ኢቲሳም ነበረች፤ ጎንደር ተምራ ደሴ በዓይን ሕክምና የምትሠራ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ እትዬ ዙለይሃ ዚክራቸውን፣ አላህን ማውሳታቸውን፣ ጀመሩ። እንዲህ ተጠግቻቸው ተቀምጬ አላውቅም ነበርና አዳመጥኩ። መንገድ ዳር ሰው ሲታይ «አሰላሙ አለይኩም» ይላሉ፤ የጋሼ እግር ከነዳጁ ላይ ይነሣል። ከብት ሲመጣ «ሱብሃነላህ»፤ ፍሬን ይያዛል። ከፊት መኪና ሲመጣ «ያ ለጢፍ»፤ መሪው ወደ ቀኝ ጠጋ ይላል። ስለ ብርሃን ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ ዲን ነው፣ የሃይማኖት ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

እትዬ ዙለይሃን ግን ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ድምፃቸው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅና ሐይቅ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጨርሶ ተዘጋ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማ ነገር የለም። በዚህ መካከል የባላቸውን ጉልበት በሁለት እጃቸው ጨበጡ። እኔም ጮኽኩ፤ ደሴ ድረስ ተሰምቷል። ፍሬኑ ሲያዝ የመኪናው አፍንጫ የአህያ ጭነት ነክቶ ቆመ።

ሰው አልተጎዳም። ተሳፋሪው እየተንጫጫ ወረደ። ኢቲሳም ወደ አባቷ መስኮት መጣች።

«አባባ፣ ስንት አህያ ነበር?»

«አንድ። ጭነት የያዘው።»

«ሁለት ናቸው። የሚነዳቸው ሰውዬስ ምን ለብሷል?»

ጋሼ ሀሚዱ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ። «የቱ ሰውዬ?»

ሰውየው ከመኪናው ፊት ሦስት እርምጃ ርቆ የተበተነ ጭዱን እየሰበሰበ ነበር።

«ልጄ፣» አሉ ጋሼ፣ «ይህን መንገድ በዓይኔ ብቻ ነው እንዴ የማውቀው? አርባ ዓመት ነድቼበታለሁ። እያንዳንዷን ጠመዝማዛ እግሬ ያውቃታል።»

«ጠመዝማዛዋማ የትም አትሄድም አባባ። ሰውየው ግን ትናንት እዚህ አልነበረም።»

«ፀሐይዋ ናት ያጭበረበረችኝ።»

«እኔም የምለው እሱን ነው። የዓይን ብሌን ከዕድሜ ጋር ይጠባል። የሃያ ዓመት ልጅ ዓይን ውስጥ ከሚገባው ብርሃን የስድሳ ዓመት ሰው የሚያገኘው ሲሶውን ነው። ሞራ ሲጨመርበት ደግሞ የመኪና መብራትም ሆነ የማታ ፀሐይ እንደ ጭጋግ ይበተናል። የዓይን ግፊት ካለበትም ዳር ዳሩ ቀስ እያለ ይጠፋል፤ እርስዎ ግን መጥፋቱን አያውቁም፣ ሰው ያላየውን ነገር አላየሁም አይልምና።»

«እኔ መብራት አጥፍቼ በጦርነት መካከል የነዳሁ ሰው ነኝ!» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር ይመስክር። መቶ ሃያ ሰው!»

አንባቢ ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር አግዝፌያለሁ። ያን ዕለት ግን ያገዘፍኩት ነገር መሪ ይዞ ፊቴ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣» አልኩ፣ «አሥራ ስምንት ነበሩ። ደግሞም ጨረቃ ነበረች። ጨረቃዋን ያጠፋኋት እኔ ነኝ።»

«አንተ ውሸታም» አሉ በቀስታ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ከመሪው ላይ አላነሡም። «ይህን ቁልፍ ከሰጠሁ ምን እሆናለሁ? ደጃፍ ተቀምጦ ዝንብ የሚያባርር ሽማግሌ። ሰው ጋሼ ሀሚዱ የሚለኝ በዚህች መኪና አይደለም?»

የመለሱት እትዬ ዙለይሃ ናቸው፤ በተዘጋ ድምፅ፣ ጆሮ ጠጋ ካላደረጉ በማይሰማ።

«ሀሚዱ፣ ሐይቁን ካየሁት ሦስት ዓመቴ ነው።»

«በየቀኑ በአጠገቡ እያለፍሽ?»

«አጠገቡ አልፋለሁ፤ ዓይኔ ግን ያንተን ሥራ ይሠራል። ለአላህ የምለውን ዚክር ለፍሬን አዋልኩት። ስለምወድህ ነው፤ ቅር አላለኝም። አሁን ግን ፈራሁ። እኔም እኮ ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። ሰሞኑን ጉቶ አይቼ ሰላምታ ሰጥቻለሁ። ነገ ሰው አይቼ ጉቶ ነው ብዬ ዝም ብልስ?»

ጋሼ ሀሚዱ ሚስታቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፤ ምን ያህሉን እንዳዩ አላህ ይወቅ። ከዚያ ሞተሩን አጠፉ።

«ከኋላ ባድሩ ነው የተሳፈረው አይደል? የጭነት መኪና ሾፌሩ?»

ባድሩ መጣ። ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖሩለት። «ሁለተኛ ማርሽ ትንሽ ታስቸግራለች፤ አታስገድዳት» አሉና ወርደው የአህያ ባለቤቱን ጭድ መሰብሰብ ያዙ።

በሳምንቱ ደሴ ተመረመሩ። የቀኝ ዓይናቸው ሞራ በቀዶ ሕክምና ተገፈፈ፤ ያውም ሕክምናው አንድ ሰዓት አልፈጀም፣ እኔ ቆሜ ነበር። ግራው ግን ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት ጎድቶታል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረው በየቀኑ በሚደረግ ጠብታ ይያዛል። ከሦስት ዓመት በፊት መጥተው ቢሆን ብዙው ይተርፍ ነበር። ሕዝብ መጫን ቀርቶባቸዋል፤ መኪናዋን ባድሩ ይነዳታል፤ እሳቸው በየማለዳው መናኸሪያ ሄደው ሞተሯን አዳምጠው ይሸኟታል። ዕድሜው የገፋ ሾፌር ሲያዩ አንድ ዓይኑን በእጁ አስሸፍነው የቆመ መኪና ሰሌዳ ያስነብቡታል። ያቃተውን «በዓመት አንዴ ታይ፤ እስክትታይ ሲመሽ አትንዳ» ይሉታል። እስካሁን አራት ሾፌሮች ታይተዋል፤ ሁለቱ መነጽር አድርገው ሥራቸው ላይ ናቸው። ልብ በሉ፣ አራት ነው ያልኩት።

ከወር በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከግቢው በር ጀምሬ እንደ ልማዴ ስጣራ፣ ጋሼ ሀሚዱ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ወጡ።

«ቀስ በል መምህር። ዙለይሃ ተኝታለች።»

«በቀትር? አመማት እንዴ?»

«የለም። ደክሟት ነበር። እኔ ነኝ ያላየሁት።»

በግቢው ዛፍ ሥር አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን። የከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት እስኪደርስ ያወራሁት ሁሉ በሹክሹክታ ነበር። ይህን ስናገር ሐይቅ ውስጥ የሚያምነኝ ሰው አላገኘሁም።