ከለቅሶ የተረፈ አጥንት

ጋሽ ሃስከልን ያን ቀን ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ወንዙ ዳር ቆመው በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ሊወረውሩ እጃቸውን አንስተዋል። የወንድ ልጃቸው ሬሳ ከከሰል ጉድጓድ ወጥቶ ከተቀበረ ሳምንት አልሞላውም።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚጥሉት?»

«ጎረቤት ለለቅሶ ያመጣው፣ በጨው የታሸ የአሳማ ታፋ ነው። አጥንቱ ቀረ፤ ውሃ ይውሰደው።»

አጥንቱ ላይ ገና ብዙ ሥጋ አለ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ።

«ባለቤትዎስ፣ እትዬ ኦርፋ፣ ምን በሉ?»

«የልጇን መርዶ ከሰማች ወዲህ ግማሽ ፊቷ አይታዘዝላትም። ሥጋውን በስሱ ቆርጬ ባጎርሳት ጉንጯ ውስጥ ይዛው ትውላለች። ነገ ሴት ልጃችን ከኦሃዮ መጥታ የአረጋውያን መጦሪያ ልታስገባት ነው። ምን ላድርግ? ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር አይቆም!»

በእኛ ሸለቆ ሰው ሲሞት ሁሉም ታፋ ተሸክሞ ይመጣል፤ ከቀብር በኋላ ቤቱ ሲራብ ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ወንዶቻችን ከምድር ሆድ ከሰል ፈልፍለው ያወጣሉ፤ ሽንኩርት መክተፍ ግን ያዋርዳቸዋል! ይህንን ድንቁርና ነው ወግ የምንለው።

«ጋሼ፣ እትዬን ከቤታቸው የሚያስወጣቸው በሽታው አይደለም፤ የእርስዎ ኩራት ነው። በዚህ አጥንት የቦሎቄ ሾርባ ይሥሩላቸው።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ቦሎቄ? አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። አድማ የመታን ጊዜ ክረምቱን ሙሉ የቦሎቄ ውሃ ነው የጠጣነው። ወደ ሥራ ስመለስ ‹ከእንግዲህ ይሄ ነገር በአፍሽ አይዞርም› ብዬ ማልኩላት። አሁን በመጨረሻ ዕድሜዋ የአድማ ምግብ ላጉርሳት?»

«የማሉላቸው ቦሎቄ እንዳይበሉ ነው ወይስ እንዳይራቡ?»

ጋሽ ሃስከል ላስቲኩን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ።

«በይ እንግዲህ፣ መቼም ፊደል የቆጠረ ሁሉን ያውቃል። ነይ ሥሪላት።»

«እኔ ዛሬ ብሠራ ነገ ማን ሊሠራ ነው? እርስዎ ይሠራሉ፤ እኔ ቆሜ እናገራለሁ።»

«ምላስሽስ መቼም አይሰንፍም!»

ቤታቸው ስንደርስ ሽንኩርቱን እየተሳደቡ ከተፉ፤ ከአጥንቱ በተነሳ ጮማ አቁላሉት። አጥንቱን ውሃ ጨምረው አፈሉት። ሁለት ቆርቆሮ ቦሎቄ ከፍተው፣ አለቅልቀው ገለበጡበት። ሥጋውን ከአጥንቱ አላቅቀው በደቃቁ ከተፉት። ለእትዬ የሚሆነውን ለብቻ ቀንሰው፣ ጉብ ጉብ እንዳይል አድርገው ጨፈለቁት። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

«ጨውስ?»

«እንዳይነኩ፤ ሥጋው ይበቃዋል።»

ዘወር ስል ቆንጠር አድርገው ጨመሩ።

እትዬ ኦርፋን በትራስ ደግፈን አስቀመጥናቸው። የመጀመሪያው ማንኪያ በአገጫቸው ፈሰሰ። ሁለተኛውን ዋጡት። ቆይተው፣ በተጣመመ አፋቸው፣ «ጨው... በዝቷል» አሉ።

ከቀብሩ ወዲህ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው። ጋሽ ሃስከል ግንባራቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ ደፉ፤ ማንኪያውን ግን አልለቀቁም።

«ኦሃዮ ደውይላት» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «ልትጠይቀን ከሆነ ትምጣ በያት። እናቷ የትም አትሄድም።»

ልጃቸውን የሚመልስላቸው የለም። እትዬም መጪውን ጸደይ ማየታቸውን እጠራጠራለሁ። ግን ወንዝ ሊወርድ የነበረ አጥንት፣ ከሁለት ርካሽ ቆርቆሮ ቦሎቄ ጋር፣ ሁለት አዛውንቶችን ለቀናት አበላ፤ ሴትዮዋም በገዛ አልጋቸው፣ በባላቸው እጅ ይጎርሳሉ። እናንተ የሸለቆው ወንዶች፣ ሚስቶቻችሁ እስኪወድቁ ምን ትጠብቃላችሁ? ዛሬውኑ ተነሡና ሽንኩርት ክተፉ።